ውሻ የሚፈራ ልጅና የሰፈር ሱቅ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚሳሳቱት

ኬጂ ለማስተምራቸው የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች፣ ብሩን ጨብጦ ሱቅ ሄዶ ከረሜላ ገዝቶ መምጣት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ በበሩና በሱቁ መሃል ውሻ ይተኛል። በዚህ ዕድሜ ውሻ መፍራት ያለ ነው፤ አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዉታል። እኛ ካላባባስነው ማለቴ ነው።

በውሻ ማስፈራራት። «ብላ፣ አለዚያ ለውሻው እሰጥሃለሁ» ተብሎ ያደገ ልጅ ውሻ ቢፈራ ምን ይገርማል?

«ወንድ አይደለህ?» ተዉት።

ጎትቶ ማስነካት። ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። አንድ አባት የልጁን እጅ ይዞ ወደታሰረ የዘበኛ ውሻ ሲጎትት አይቻለሁ። «ንካው! ንካው እንጂ! ምንም አያደርግህም!» ውሻው እኮ ጭራውን እየቆላ ነበር። ልጁ ግን ጣቶቹን ጨብጦ ወደኋላ ይንፏቀቃል፤ አንድ ጫማው ወልቆ መንገድ ላይ ቀርቷል። አባትየው «ይለምደዋል» አለኝ። ምኑን ይለምደዋል? ከዚያ በኋላ ልጁ አባቱ እጁን ሊይዘው ሲል ይሸሽ ጀመር።

ማስለመድ ሌላ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ፍርሃቱን እንዲተው ረድታ ነበር። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን በሽቦ ሳጥን አድርጋ ራቅ አድርጋ ታስቀምጣለች። መብላቱን ካላቋረጠ ትንሽ ታስጠጋለች። መጨረሻ ላይ ጥንቸሏ ጣቱን ስትቀምሰው ዝም አለ። በ1924 እ.ኤ.አ. ስትጽፈው ታዲያ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምራለች፦ ያልተጠነቀቀ ሰው ልጁ ምግቡንም እንዲፈራ ሊያደርግ ይችላል።

እኛም ዘንድ ይሠራል። ዛሬ በር ላይ ተቀምጣችሁ ብስኩት እየበላችሁ ውሻውን ከሩቅ እዩት። ነገ እስከ ጎረቤት በር። «እዚህ ጋ ይበቃኛል» ካለ ይበቃዋል፤ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው።

ሁልጊዜ ማዘል። ወላጅ ይደክማል፣ ይገባኛል። ግን ውሻ ባየ ቁጥር ብድግ ከተደረገ «ለካ እውነትም አደገኛ ነው» ይላል። አጠገቡ ቁሙ፣ እጁን ስጡት፣ በእግሩ ይሂድ። እናንተም የምትፈሩ ከሆነ ሌላ ሰው ይውሰደው፤ እጁን ስትጨምቁት ያውቅባችኋል።

ትልቅ ሰው ብቻ ማሳየት። እናንተ ውሻ ብትዳብሱ ልጁ አይደነቅም፣ ትልቅ ናችሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያው አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ውሻ የሚፈሩ ሕፃናት አንድ እኩያቸው ከውሻ ጋር ሲጫወት ደጋግመው እንዲያዩ ተደረገ። ብዙዎቹ ደፈሩ። የጎረቤትን ደፋር ልጅ ጠርታችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ሱቅ ላኩ፣ እናንተ በር ላይ ሆናችሁ እያያችሁ።

ከረሜላውን መያዣ ማድረግ። «ራስህ ካልሄድክ አልገዛልህም» አትበሉ። ዛሬ ግማሽ መንገድ ሄዶ ከተመለሰ ቀሪውን እናንተ ሂዱና ግዙለት። ነገ ትንሽ ይጨምራል።

«ውሻ አይነክስም» ማለት። ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ለልጅ እንዲህ ብሎ መዋሸት ነውር ነው። ይልቅ ሕጉን አስተምሩት፦ አትሩጥ፤ ከመጣብህ እጅህን ሰብስበህ ቀጥ ብለህ ቁም፤ ዓይን ዓይኑን አትመልከት፤ የሚበላ ወይም ቡችላ ያላት ውሻ ጋ አትጠጋ፤ ባለቤቱን ሳትጠይቅ አትንካ። ልጅ የሚያደርገውን ሲያውቅ ፍርሃቱም ይቀላል።

ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፣ ትንሽ ብትመስልም፣ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጆች ቁጣ ፈርተው ስለሚደብቁ «ብትነከስ አልቆጣህም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።