ለአሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ስትመርጡ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ ዴስክቶፕ የገዛችሁ፣ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) በማውረድ የኢንተርኔት ፓኬጃችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ወይስ 64 ቢት መሆኑን እዩ፤ የምታወርዱት ከሱ ጋር መስማማት አለበት። ዊንዶውስ ላይ «ዚስ ፒሲ»ን በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡ። ሲስተም ታይፕ የሚለው መስመር ዊንዶውሱን 32 ቢት ቢልም፣ «ኤክስ64 ቤዝድ ፕሮሰሰር» ካለበት ማሽኑ 64 ቢት ሊኑክስ ይቀበላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው።

ራሙ 1 ጊጋ ከሆነ ያለ ብዙ ማሰብ አንቲኤክስ የሚባለውን ቀላል ሊኑክስ ውሰዱ፤ ስሪት 23 ለ32 ቢትም አለው። ሉቡንቱ የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ከስሪት 19.04 ጀምሮ 32 ቢት ትቷል። ሚንት ኤክስኤፍሲኢ (ቀለል ያለው የሊኑክስ ሚንት ዓይነት) በ2 ጊጋ ራም ይነሳል፣ የሚመከረው ግን 4 ነው። ደግሞ ራም የሚጨርሰው ብሮውዘሩ ስለሆነ (ፌስቡክና ዩቲዩብ አንድ ላይ ከፍታችሁ ሊኑክሱን አትውቀሱ!) ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት፤ ዋይፋዩ መሥራቱንም በዚያው ታያላችሁ።