ሺ ዙ ውሻን በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት እንንከባከብ?

ሺ ዙ ውሻዬን ቡቺን ይዤ ከዚራ ሰፈር የወጣሁ ዕለት አንድ የሰፈር ልጅ «አንተ፣ ይሄ ውሻ ነው ድመት?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ሺ ዙ ክብደቱ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ነው። ስሙ ግን በቻይንኛ «አንበሳ» ማለት ነው!

መጀመሪያ ጠባዩን እወቁ። የቤተ መንግሥት ሰዎች ጭን ላይ እንዲውል የተራባ ዘር ነው፤ ጥበቃ አትጠብቁበት። ሌባ ቢመጣ ጭራውን እየቆላ ይቀበለዋል። ብቻውን መዋል ይከብደዋል። ግትርም ነው። ብትጮሁበት ያኮርፋል እንጂ አይማርም፤ በቁራጭ ሥጋ ግን ይታለላል።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ውሻ እንደኛ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። የሺ ዙ አፍንጫ ደግሞ ደፍጣጣ፣ የአየር መተላለፊያውም ጠባብ ነው። ይህን ሳላውቅ በግንቦት፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቡቺን ታይዋን ገበያ ይዤው ሄድኩ። ስንመለስ መሃል መንገድ ላይ ሆዱን አስፋልቱ ላይ ዘርግቶ ተኛ። ምላሱ ደም መስሏል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። አቅፌ ዛፍ ጥላ ሥር ወሰድኩት፤ ከሱቅ ውሃ ገዝቼ ሆዱንና መዳፎቹን አራስኩ። በረዶ የሆነ ውሃ እንዳታፈሱ፤ ቀዝቀዝ ያለ ይበቃል። ከዚያ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም።

አሁን የምንወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለ7 ሰከንድ አሳርፉ። ካቃጠላችሁ እሱንም ያቃጥለዋል። ማሰሪያው አንገቱን ሳይሆን ደረቱን የሚይዝ ይሁን፤ ትንፋሹን እንዳያንቀው።

ፀጉሩ እንደ ሰው ፀጉር ሳያቋርጥ ያድጋል። ለድሬ አሳጥራችሁ ቁረጡት፤ ግን ቆዳው እስኪታይ አትላጩት፣ ፀሐይ ይመታዋል። በየቀኑ አበጥሩ። ከማጠባችሁ በፊትም አበጥሩ፤ የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይብስበታል። ዓይኑ ወጣ ያለ ስለሆነ አቧራ ቶሎ ይጎዳዋል። ጠዋት ጠዋት በለብታ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጥጥ ጥረጉለት።

ምግብ ላይ አትዘኑለት። ወጣችን በሽንኩርት የተሞላ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል። የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቤት ውስጥ የጫት በርጫ ካለ ገራባውን (የጫት ትርፍራፊውን) ወዲያው ጥረጉ። ለ5 ኪሎ ሰውነት ጫት ቀላል አይደለም፤ ልቡን ያስመታዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይጀምራል፤ ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ይደገማል። ከሽርሽር ስትመለሱ ጆሮውንና የጣቶቹን መሃል ፈትሹ፤ መዥገር የሚደበቀው እዚያ ነው።

ዘመድ ጥየቃ ሐረር ስትወጡ ሙቀቱ ይቀላል፤ ችግሩ ማታ ነው። እዚያ ጅብ መንደር ለመንደር ይዞራል፤ «አንበሳው» ደግሞ ለጅብ መክሰስም አይሆን። እኛ አክስቴ ቤት ስናድር ቡቺ ጓዳ ነው የሚተኛው፣ በሩ ተቀርቅሮ።