ከምርመራ በፊት ጥገና፦ መኪና ለመካኒክ ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጋራዥ ገብቶ ተታለልኩ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው ያልተቀየረ ዕቃ ተቀየረ ተብሎ ገንዘቡ እንደተወሰደበት ነው። እንዲህ ያለው ማጭበርበር መኖሩ አይካድም። በእኔ ግምት ግን ከዚያ የሚበልጠው ገንዘብ የሚጠፋው በእርግጥ በተቀየረ፣ ነገር ግን መቀየር ባልነበረበት ዕቃ ነው። መካኒኩ ይገምታል፣ ባለመኪናው ይከፍላል፣ ችግሩ ሳይፈታ ሲቀር ደግሞ ሌላ ግምትና ሌላ ክፍያ ይከተላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ምን እንደተበላሸ ሳይረጋገጥ ምን ይቀየር ወደሚለው ከመቸኮል ነው።

መኪናው ሲቆም መካኒክ መፈለግ

መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ ባለበት ሰዓት የሚገኝ መካኒክ ተመርጦ የተገኘ አይደለም። ባለመኪናው ቸኩሏል፣ መኪናው ተጎትቶ ገብቷል፣ የተጠራው ዋጋ ቢበዛበትም ወደ ሌላ ጋራዥ ማስጎተት ራሱን የቻለ ወጪ ስለሆነ እሺ ይላል። መካኒክ የሚፈተነው መኪናው ደህና ሳለ፣ በትንሽ ሥራ ነው፤ ዘይትና ፊልትሮ ማስቀየር ለዚህ ይበቃል። የተሞላው ዘይት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ዓይነት ነው ወይስ በእጅ የተገኘው? የተባለው ዋጋና የተከፈለው ዋጋ አንድ ነው? ጥያቄ ሲጠየቅ ያስረዳል ወይስ ይቆጣል?

የወዳጅ ምክርም ቢሆን «ጎበዝ ነው» በሚለው ብቻ መቆም የለበትም፤ ምን ሠራልህ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ፍሪሲዮን በመቀየር የተመሰገነ ሰው የአውቶማቲክ ካምቢዮን ወይም የኤሌክትሪክ መስመርን ችግር ያውቃል ማለት አይደለም። «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ኤሌክትሪሺያን ይየው» የሚል መካኒክ የዚያን ዕለት ገቢ ቢያጣም፣ እኔ ብሆን ለሚቀጥለው ሥራ የምመርጠው እሱን ነው።

በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱን ይዞ መሄድ

ብዙዎች ጋራዥ ሲደርሱ ባትሪውን ስለሚሞላው ዕቃ «ዲናሞው ስለማይሠራ ይቀየርልኝ» ይላሉ። ይህ አነጋገር መካኒኩን ከምርመራ ነጻ ያወጣዋል፤ ዲናሞው ተቀይሮ ችግሩ ቢቀጥል «የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» ቢል የሚከራከረው የለም። መነገር ያለበት ምልክቱ ነው። መኪናው የማይነሳው ጠዋት ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ድምፁ የሚሰማው መሪ ሲዞር ነው ወይስ ፍሬን ሲያዝ? መንቀጥቀጡ ከየትኛው ፍጥነት ይጀምራል? ችግሩ ከመታየቱ በፊት በቅርቡ የተነካ ነገር ነበር?

የዲናሞው ነገር ራሱ በጥቂት ደቂቃ የሚጣራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ለሰዓታት የቆመ መኪና ላይ ያለ፣ የተሞላና ጤነኛ የሆነ ባለ12 ቮልት ባትሪ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው እየሞላ ከሆነ ልኬቱ በብዙ መኪኖች ላይ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ባለው መካከል ይውላል፤ አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ዲናሞውን በኮምፒዩተር ስለሚቆጣጠሩ ለጊዜው ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ቁጥሩ ከ12 አካባቢ አልነሳ ካለ ወይም እየወረደ ከሄደ ዲናሞውን፣ እሱን የሚያዞረውን ቺንጋና ሽቦውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቁጥሩ 14 ላይ ቆሞ መኪናው በማግስቱ ጠዋት አልነሳም ካለ ግን ዲናሞ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ያረጀ ባትሪ፣ የላላ ወይም የዛገ የባትሪ ጫፍ፣ አለዚያም መኪናው ቆሞ ሳለ ኤሌክትሪክ የሚስብ አንድ ነገር ሊሆን ይችላል። ቴስተር ሳይነካ ዲናሞ የሚያወርድ መካኒክ እየገመተ መሆኑን ባለመኪናው ይወቀው።

የማሽኑን ኮድ እንደ ፍርድ መቀበል

ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ሲበራ ማሽን ይሰካል፣ ማሽኑ ኮድ ያወጣል፣ ከዚያም ከኮዱ ጋር ስሙ የተነሳው ዕቃ ይቀየራል። ኮዱ የሚናገረው ግን የመኪናው ኮምፒዩተር ያልጠበቀውን ነገር እንዳየ ብቻ ነው። ለምሳሌ ፒ0171 የሚባለው ኮድ ወደ ሞተሩ ከገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ወዲያው የሚከሰሰው በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ቢሆንም፣ እሱ ወሬውን ያደረሰ እንጂ ጥፋቱን የሠራ ላይሆን ይችላል፤ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ ያንኑ ኮድ ያስወጣል። ፒ0420 ደግሞ የካታሊቲክ ኮንቨርተር (በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ ጋዝ የሚቀንሰው ዕቃ) አቅም መቀነሱን የሚያመለክት ነው። ዕቃው እጅግ ውድ ስለሆነ ከመቀየሩ በፊት የጭስ ማውጫው የሚያፈስበት ቦታ መኖር አለመኖሩ፣ ሴንሰሮቹ በትክክል መለካታቸው፣ ሞተሩም ዘይት መብላት አለመብላቱ መታየት ይኖርበታል፤ አሮጌውን ያበላሸው ምክንያት ካልተወገደ አዲሱንም ያበላሸዋልና።

ስለዚህ ኮድ ለሚያነብ መካኒክ የሚቀርበው ጥያቄ «ኮዱን ካዩ በኋላ ምኑን ለክተው አረጋገጡ?» የሚል ነው። ኮዱን አጥፍቶ «ተስተካክሏል» ማለት ጥገና አይደለም፤ ምክንያቱ እስካለ ድረስ መኪናው ጥቂት ከተነዳ በኋላ መብራቱ ተመልሶ ይመጣል።

ለምርመራ መክፈልን እንደ ዝርፊያ መቁጠር

እዚህ ላይ ባለመኪኖችም ተጠያቂዎች ነን። ለዕቃ ብዙ ገንዘብ ስንከፍል ቅር የማይለን ሰዎች፣ አንድ ባለሙያ ሁለት ሰዓት ሙሉ መስመር እየለካ ጥፋቱ አንድ የተላጠ ሽቦ መሆኑን ሲነግረን «ምን ሠርተህ ነው?» እንላለን። መካኒኩ ለምርመራው ካልተከፈለው የደከመበትን የሚያገኘው በሚሸጠው ዕቃና በሚያወርደው ሞተር ላይ ብቻ ነው፤ ይህም ፈጥኖ እንዲገምት ይገፋዋል። የምርመራ ዋጋ ለብቻው ተነጋግሮ መክፈል፣ ከዚያም ውጤቱን በጽሑፍ ይዞ ጥገናውን የት ማሠራት እንደሚሻል መወሰን ለሁለቱም ይበጃል።

«የሚያስፈልገውን ሁሉ ሥራው» ብሎ ቁልፍ ማስረከብ

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዕቃው ዋጋ፣ የእጅ ዋጋውና ዕቃው ኦርጅናል፣ ተመሳሳይ ወይም ያገለገለ መሆኑ ተለይቶ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ የሚያልፍ ወጪ ከመጣ ሳይደወል እንዳይሠራም አብሮ ይጻፍ። አንዳንድ ጉዳት ሳይፈታ አይታወቅም፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይወርድ የውስጡን ቁርጥ ዋጋ መናገር የማይችል መካኒክ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ መስማማት የሚያስፈልገው በሁለት ነገር ነው፦ ለመፍታት ስንት ይከፈላል፣ ባለቤቱ መቀጠል ካልፈለገስ መልሶ ለመግጠም ስንት ይከፈላል። ይህ ሳይነገር ሞተሩ ተፈቶ ወለል ላይ ከተዘረጋ በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም።

ሁለት ጋራዦች የሰጡትን ዋጋ ማነጻጸርም የሚጠቅመው ሥራው አንድ ዓይነት ከሆነ ነው። አንዱ የፍሬን ሸራ ብቻ፣ ሌላው ሸራና ዲስክ አስቦ ከሆነ ርካሹ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

በፍርሃት መስማማት

«እንዲህ ሆኖ ከዚህ ቢወጣ አደጋ ይደርሳል» ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ከባድ ነው። አንዳንዴም እውነት ነው፤ የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ቀዩ የዘይት ግፊት መብራት ከበራ ወይም የሙቀት መለኪያው ቀይ ውስጥ ከገባ መኪናው መነዳት የለበትም። ሌላው ግን በዓይን መታየት የሚችል ነገር ነው። የዲስክ ፍሬን ሸራ አዲስ ሳለ በብዙ መኪኖች ላይ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ይቀየራል። ዲስኩም ቢሆን ሊደርስበት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ብዙውን ጊዜ በራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ጎማው ወልቆ፣ መለኪያው ተይዞ «ይኸው» ሲባል ክርክር አይኖርም። 6 ሚሊ ሜትር የቀረው ሸራ «አልቋል» ከተባለ ደግሞ ምላሹ አመስግኖ መውጣት ነው። ሞተር ማጠቢያ ፈሳሽና ዘይት ውስጥ የሚጨመር ልዩ ልዩ መድኃኒት አጥብቀው ሲያቀርቡ ማመሳከሪያው መመሪያ መጽሐፉ ነው፤ እዚያ ከሌለ መቅረቱ አይጎዳም።

አሮጌውን ዕቃ ሳያዩ፣ መኪናውን ሳይነዱ መክፈል

የወለቀው ዕቃ እንዲቀመጥ መጠየቅ ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከተጣለ በኋላ መጠየቅ ጠብ መፈለግ ይመስላል። እንደ ዲናሞና ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ) ያሉት አንዳንድ ጊዜ አሮጌው ለሻጩ ተመላሽ ሆኖ ስለሚገዙ ዕቃው ባለመኪናው ዘንድ ላይቀር ይችላል፤ ማየትና ፎቶ ማንሳት ግን አይከለከልም። የአዲሱን ዕቃ ካርቶንም ማየት ይገባል።

ሙከራው ችግሩ በሚታይበት ሁኔታ ይሁን። መኪናው ዳገት ላይ ሲሞቅ ያስቸግር ከነበረ ጋራዡን አንድ ጊዜ መዞር ምንም አያረጋግጥም። ሲረኩ ብቻ ቀሪውን ይክፈሉ፤ ደረሰኙም ላይ የተቀየረው ዕቃ፣ የኪሎ ሜትር ንባቡ፣ ቀኑና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ።

ችግሩ ከተመለሰ ደግሞ በንዴት ሌላ ጋራዥ ወስዶ ማስፈታት የመጨረሻው ስህተት ነው። ሌላ እጅ ከገባበት በኋላ የመጀመሪያው መካኒክ ጥፋት መሆኑን ማሳየት ያዳግታል፤ ዋስትናውም ሊቀር ይችላል። ሐቀኛ ባለሙያም ይሳሳታልና ወረቀቱን ይዞ መጀመሪያ ወደ ሠራው ሰው ተመልሶ፣ ምልክቱን እንደገና አስረድቶ፣ በራሱ ወጪ እንዲያየው መጠየቅ ይቀድማል። እምቢ ካለ ወይም ያንኑ ግምት በሌላ ዕቃ ሊደግመው ከፈለገ ግን ማንም ምንም ሳይፈታ በፊት የሁለተኛ ባለሙያ ምርመራ በጽሑፍ ይያዝ።