የጠፋ ወይም የተሰበረ የመኪና ቁልፍ እንዴት ይተካል?

ቁልፍ ሠሪ ጋ ደውለው «የመኪናዬ ቁልፍ ጠፋብኝ» ሲሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት «ምን ዓይነት ቁልፍ ነው?» የሚል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። የሥራው ክብደትም ሆነ የሚከፍሉት ገንዘብ የሚወሰነው ግን በዚህ መልስ ነው። ስለዚህ ከዚሁ እንጀምር።

1. የቁልፍዎን ዓይነት ይለዩ

የቆዩ መኪኖች ቁልፍ ተራ ብረት ነው። ጥርሱ በትክክል ከተቀረጸ በሩንም ይከፍታል፣ ሞተሩንም ያስነሳል። የእርስዎ እንዲህ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቁልፍ ቀራጭ ወዲያው ይጨርስልዎታል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ግን በቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ ቺፕ አላቸው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይሠራ የሚከለክል መሣሪያ ከ1998 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ ሆኗል። ቺፑ የራሱ ባትሪ የለውም። ቁልፉን ሲያስገቡ በቀዳዳው ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ ኃይል ይሰጠዋል፤ ቺፑም መለያ ኮዱን ይልካል። መኪናው ኮዱን ካላወቀው ሞተሩ እምቢ ይላል፣ ወይም ተነስቶ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። ይህን የሚያደርገው ክፍል ኢሞቢላይዘር ይባላል። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምስል ያለበት መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ካዩ መኪናዎ ይህ ክፍል አለው ማለት ነው።

ሦስተኛው ስማርት ቁልፍ ነው። ከኪስ ሳይወጣ በሩ ይከፈታል፣ ሞተሩም ቁልፍ ሳይሰካ በመጫኛ (በጣት በሚጫን ማስነሻ) ይነሳል። ከሁሉም ውድ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

አንድ ነገር ይለዩ። በር የሚከፍተው ሪሞትና ሞተር የሚያስነሳው ቺፕ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ቢሆኑም ሥራቸው የተለያየ ነው። በሚሰካ ቁልፍ ላይ የሪሞቱ ባትሪ ሞቶም ሞተሩ ሊነሳ ይችላል።

2. በእርግጥ አዲስ ቁልፍ ያስፈልግዎታል?

ቁልፉ እጅዎ ላይ ሆኖ አልሠራ ካለ መጀመሪያ ባትሪውን ይቀይሩ። አብዛኞቹ ሲአር2032 ወይም ሲአር2025 የተባሉትን ክብ ባትሪዎች ይጠቀማሉ። ቁጥሩ የባትሪውን መጠን ይናገራል፦ 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። 2025 ደግሞ ውፍረቱ 2.5 ብቻ ስለሆነ በ2032 ቦታ ቢገባም ላላ ይላል። ስለዚህ የወጣውን ባትሪ ቁጥር አይተው ተመሳሳዩን ይግዙ።

ስማርት ቁልፍ ባትሪው ቢሞትም መውጫ አለው። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማላቀቂያ ሲገፉ ከውስጡ ቀጭን የብረት ቁልፍ ይወጣል፤ በሩን በእሱ ይክፈቱ። ከዚያ ስማርት ቁልፉን ከማስነሻ መጫኛው ጋር አስጠግተው መጫኛውን ይጫኑ። አንዳንድ መኪኖች ቁልፉ የሚቀመጥበት የተለየ ቦታ አላቸው፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ያሳይዎታል።

የተሰነጠቀው ፕላስቲኩ ብቻ ከሆነም ባዶ ሽፋን ገዝቶ የውስጡን ማዛወር ይቻላል። እዚህ ላይ በጣም ይጠንቀቁ። በአንዳንድ ቁልፎች ቺፑ ከሪሞቱ ሰሌዳ ተለይቶ ፕላስቲኩ ጥግ ላይ ተወትፎ ነው የሚቀመጠው። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ነገር ስለሆነ የፕላስቲክ ስባሪ ይመስላል። አሮጌውን ሽፋን ሳይበረብሩ ከጣሉት ቺፑም አብሮ ሄደ። አዲሱ ቁልፍ በሩን እየከፈተ ሞተሩን አላስነሳ ይላል።

3. ወረቀት ያዘጋጁ

ቁልፉ የጠፋ ከሆነ መኪናው የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ ደብተርና መታወቂያ ይያዙ። ይህን ሳይጠይቅ ቁልፍ ለመሥራት የሚስማማን ሰው እኔ አላምነውም፤ ነገ ለሌላ ሰው የእርስዎን መኪና ቁልፍ ይሠራልና።

የሻንሲ ቁጥሩም ያስፈልጋል። በዘመናዊ መኪኖች 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ደብተሩ ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜም ከፊት መስታወቱ ሥር ወይም የሾፌሩ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ ይገኛል። መኪናው አዲስ ሲገዛ ከቁልፎቹ ጋር ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ምልክት ተሰጥታ ከሆነ እሷንም ይፈልጉ። ጥርሱ የሚቀረጽበት ኮድ እሷ ላይ ነው፤ ከቺፑ ኮድ የተለየ ነው። ኢንሹራንስዎ ቁልፍን ይሸፍን እንደሆነም አንድ ስልክ ደውለው ይጠይቁ።

4. ማን ይሥራው?

ሁለት ምርጫ አለ፦ የመኪናው አስመጪ ወይም ወኪል፣ አለዚያም የፕሮግራም ማሽን (ቺፑን ከመኪናው ጋር የሚያስተዋውቅ መሣሪያ) ያለው ቁልፍ ሠሪ። ሁሉም ቁልፍ ጠፍቶ መኪናው ከቆመበት የማይንቀሳቀስ ከሆነ እኔ የምመርጠው መኪናው ወዳለበት የሚመጣውን ቁልፍ ሠሪ ነው። ወኪሉ ጋ መኪናው በጎታች መወሰድ ይኖርበት ይሆናል። በጣም አዲስ ለሆኑ ሞዴሎች ግን ብዙ ጊዜ ወኪሉ ይሻላል።

ከመስማማትዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ። ዋጋው ቁልፉን፣ ቅርጹንና ፕሮግራሙን አጠቃሎ ነው? በዚህ ሞዴልና ዓመተ ምህረት ላይ ሠርተው ያውቃሉ? ካልሠራ ይከፈላል? ያገለገለ ስማርት ቁልፍ ረክሶ ሲያገኙ አይጓጉ። ብዙዎቹ ከመጀመሪያ መኪናቸው ጋር የተቆለፉ ስለሆኑ ለሌላ መኪና አይሆኑም።

5. ሥራው እንዴት ይካሄዳል?

መጀመሪያ ጥርሱ ይቀረጻል። ያረጀ ቁልፍ አሳይተው ሲያስቀርጹ የተበላው ጥርስ ከነመበላቱ ይገለበጣል፤ ከኮዱ ማስቀረጽ ከተቻለ እሱ ይበልጣል። ቀጥሎ ባለሙያው ማሽኑን ከመሪው ሥር ካለው መሰኪያ ጋር አገናኝቶ አዲሱን ቺፕ ከመኪናው ጋር ያስተዋውቃል። የመኪናው ባትሪ የደከመ ከሆነ አስቀድመው ያስሞሉት፤ መሀል ላይ ኃይል ቢወርድ ሌላ ብልሽት ይመጣል።

የቀሩ ቁልፎች ካሉ ሁሉንም ይዘው ይገኙ። በአንዳንድ መኪኖች አዲስ ሲመዘገብ በቦታው የሌለው ቁልፍ ይሰረዛል።

አንድ የሚሠራ ቁልፍ ካለ ሁለተኛውን መጨመር ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ሁሉም ሲጠፉ ግን አንዳንዴ የኢሞቢላይዘሩን ክፍል ፈትቶ ማውጣት ድረስ ይደርሳል። አሁን በእጅዎ አንድ ቁልፍ ብቻ ካለ እባክዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሁለተኛ ያሠሩ።

ቁልፉ የጠፋው ሰው እጅ ሊገባ በሚችልበት ሁኔታ ከሆነ የጠፋው ከመኪናው እንዲሰረዝ በግልጽ ይጠይቁ። ቺፑ ከነባሩ ላይ ኮፒ ከተደረገ ሁለቱ አንድ ኮድ ስለሚይዙ ለየብቻ መሰረዝ አይቻልም። በራሱ ኮድ እንዲመዘገብ ያድርጉ። ኮዱ ቢሰረዝም ብረቱ በሩን መክፈቱ አይቀርም፤ ሥጋት ካለ የበሩ መቆለፊያ ራሱ መቀየር አለበት።

6. ቁልፉ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ

ሌላ ቁልፍ ከኋላው አይግፉ። ሱፐር ግሉ ቀብተው ለማጣበቅም አይሞክሩ፤ ሙጫው ቀዳዳውን ይደፍነውና አንድ ቁልፍ ያስከፍልዎ የነበረው ሥራ ሙሉ መቆለፊያ ያስለውጥዎታል። ጫፉ ወጣ ብሎ የሚታይ ከሆነ በቀጭን ፒንሳ ወይም በወረንጦ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ይህ የሚሆነው ግን መቆለፊያው ቁልፍ በሚገባበትና በሚወጣበት ቦታ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ዞሮ ከቆመ ስባሪው አይወጣም። ጫፉ የማይታይ ከሆነ ለባለሙያ ይተዉት። ሁለቱንም ስባሪ ያስቀምጡ፦ ከብረቱ ጥርሱ ይነበባል፣ ከጭንቅላቱ ቺፑ ይወጣል።

7. ከመክፈልዎ በፊት ይሞክሩት

በሁሉም በሮችና በኋላው ሻንጣ ላይ ይሞክሩ። ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ አጥፍተው፣ ቆልፈው፣ ትንሽ ቆይተው እንደገና ያስነሱ። ስማርት ቁልፍ ከሆነ ነባሩን ከመኪናው ራቅ አድርገው ይሞክሩት፤ አጠገብ ካለ መኪናው የሚሰማው የትኛውን እንደሆነ አይታወቅም። የጥርሱን ኮድ ቁጥር ቤት ውስጥ ያስቀምጡ እንጂ መኪናው ውስጥ አይተዉት። የቁልፉን ፎቶም የትም አይለጥፉ፤ ከጥርት ያለ ፎቶ ጥርሱን መቅረጽ ይቻላል።