ሲልቬስትሬ ሬቩዌልታስን በፊልም ሙዚቃው ለመተዋወቅ

እ.ኤ.አ. በ1899 በሜክሲኮ ዱራንጎ ግዛት ተወልዶ በ1940 በሜክሲኮ ሲቲ ያረፈውን የሙዚቃ ደራሲ ሲልቬስትሬ ሬቩዌልታስን ለመተዋወቅ የሚሻ ሰው፣ ከሕይወት ታሪኩ ይልቅ ከፊልም ሥራዎቹ ቢጀምር ይሻለዋል። በቅድሚያ የቬራክሩዝ ዓሣ አጥማጆችን ትግል የሚያሳየውን፣ ትርጉሙ «መረቦች» የሆነውን «ሬዴስ» የተሰኘ ፊልም ይመልከት፤ በሁለተኛው ዙር ግን ምስሉን ትቶ ድምፁን ብቻ ያድምጥ፤ በተለይም የሕፃኑ ቀብር ላይ ሲደርስ አይቸኩል፤ እዚያ ሐዘኑን የሚናገረው ኦርኬስትራው ነውና። ቀጥሎ ስለ ሜክሲኮ አብዮት መሪው ፓንቾ ቪያ ተዋጊዎች የሚተርከውን «ቫሞኖስ ኮን ፓንቾ ቪያ» የተሰኘ ፊልም ይፈልግ። በመጠጥ ቤቱ ፒያኖ የሚጫወተው ወፍራም ሰው ራሱ ሬቩዌልታስ ሲሆን፣ ተኩስ ሲነሣ «እባካችሁ ፒያኖ ተጫዋቹ ላይ አትተኩሱ» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። በመጨረሻ ከፊልም ውጪ የሆነውን የኦርኬስትራ ሥራውን «ሴንሴማያ»ን ሲያዳምጥ ምቱን እስከ ሰባት በጣቱ ይቁጠር፤ ሙዚቃው በአብዛኛው በሰባት በሰባት ምት ይሄዳልና።