የሐሰተኛ መረጃ አዋጁን ስንሞግት የምንሠራቸው ስህተቶች

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከወጣበት ቀን ጀምሮ ተቃዋሚ አጥቶ አያውቅም። ተቃውሞው ግን ብዙ ጊዜ ለዐቃቤ ሕግ የሚመች ነው።

ሳያነቡ መሞገት። «መሳሳት በራሱ ወንጀል ሆነ» የሚል ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ይረታል። በአዋጁ ትርጓሜ ንግግሩ ሐሰት መሆኑ ብቻ አይበቃም። ተናጋሪው ሐሰትነቱን ያወቀ ወይም ማወቅ የሚገባው መሆን አለበት፤ ንግግሩም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። መሞገት ያለብን እዚህ ላይ ነው። «ማወቅ የሚገባው» የምትለዋ ሐረግ አስቦ የዋሸውንና ተቻኩሎ የተሳሳተውን አንድ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑንስ ማን ይለካዋል? መጀመሪያ የሚለካው መርማሪ ፖሊስ ነው፤ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ሰውየው ታስሯል።

አንቀጽ 6ን መርሳት። ዜና፣ ትንታኔ፣ ፖለቲካዊ ሂስ፣ ጥናት፣ ኪነ ጥበብና ሃይማኖታዊ ትምህርት ልዩ ሁኔታ ተሰጥቷቸዋል። እውነትነቱን ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ያደረገም አይጠየቅም። ስለዚህ ለማን እንደደወሉ፣ መቼ እንደጠየቁ፣ ምን እንደተመለሰልዎ ይመዝግቡ፤ በስልክዎ ላይ ብቻ ግን አይሁን። መጀመሪያ የሚወሰደው ስልኩ ነው።

የውሸትን ጉዳት መካድ። ወሬ ሰው ሲያፈናቅል ላየ ሕዝብ «ቃል አይገድልም» ቢሉት አይሰማም። እኔም አልሰማም። ጥያቄው መድኃኒቱ እስር ነው ወይ የሚለው ነው። ጋዜጠኛ ያየሰው ሽመልስ መንግሥት ለኮሮና ወረርሽኝ 200,000 የመቃብር ቦታ እንዲዘጋጅ አዟል ብሎ ሲዘግብ ጤና ሚኒስቴር ሐሰት ነው ሲል አስተባበለ። ጋዜጠኛው ግን መጋቢት 18 ቀን 2012 ታሰረ፤ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣ ገና አራት ቀኑ ነበር። ማስተባበያው ያልሠራውን እስሩ ምን ሠራ?

ቅጣቱን አለማወቅ። መነሻው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለዎት እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ለነገሩ 4,990 ላይ ያለ ሰው ተከታይ ባይጨምር ሳይሻለው አይቀርም።

ወገን መርጦ መጮህ። የእኛ ሲታሰር «አፈና»፣ የእነሱ ሲታሰር «ሕግ ይከበር»። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉታል። እኔም አንድ የማልወደው ተንታኝ ሲታሰር ዝም ብያለሁ፤ በኋላ ለወዳጄ ፊርማ ሳሰባስብ ያፈርኩት በዚያ ነው።

በአሜሪካ ሕግ መከራከር። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችን የሚጠቅሰው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ እዚህ አያከራክርም። ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን የሚደነግግ የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 አለ፤ ንዑስ አንቀጽ 6 ይህ ነጻነት በሐሳቡ ይዘትና በሚያስከትለው አስተሳሰባዊ ውጤት ምክንያት ሊገታ አይገባም የሚል መርህ ይዟል። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን መደበኛ ፍርድ ቤት አይደለም። አቤቱታው በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል አልፎ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ዘንድ ይደርሳል፤ እዚያ የተቀመጡት ደግሞ ዳኞች ሳይሆኑ ፖለቲከኞች ናቸው። ማመልከቻውን ሲጽፉ ይህን ያስቡበት።