የአገር ቤቱ የክትባት ካርድ ሜሪላንድ ሲደርስ

ነርሷ ካርዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ኮምፒውተሯን አየች፣ ልጄን አየች፣ ከዚያ በስልክ ባለው አስተርጓሚ በኩል «ይህ የዚህ ልጅ ካርድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመጀመሪያው ፔንታ (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት) ጎን 12/3/2014 ተብሎ ተጽፏል። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ ኅዳር 12 ቀን 2014 ማለቷ ነበር፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21፣ 2021። እዚህ አገር ግን ወር ከቀን ስለሚቀድም ዲሴምበር 3፣ 2014 ተብሎ ተነበበ። ልጄ የተወለደው በኦክቶበር 2021 ነው። በእነሱ ስሌት እንግዲህ ልጁ ሊወለድ ሰባት ዓመት ሲቀረው ተከትቧል። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ነገር አይቀበልም፤ «ክትባት የለውም» ተብሎ ተመዘገበ።

የዚያን ቀን የተወጋው መርፌ አላናደደኝም፤ ኋላ ስረዳው የሚያስፈልገው ነበር። ያናደደኝ ስንወጣ የታተመልኝ ወረቀት ነው። በአራት ሳምንት ተመለሺ፣ ከዚያ በሌላ አራት ሳምንት፣ ከዚያ በስድስት ወር። ከጠዋቱ ጤና ጣቢያ በር ላይ ተሰልፌ፣ አዝዬ አመላልሼ ያስከተብኩት ሁሉ እንዳልነበረ ሆኖ ከአንድ ሊጀመር ነው።

በዲቪም ይሁን በቤተሰብ፣ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ዲሲ ለደረሳችሁ ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ልጁን ፕሪ-ኬ ወይም ሄድ ስታርት (የትንንሽ ልጆች ቅድመ ትምህርት) ልታስመዘግቡ ስትሄዱ መጀመሪያ ከምትጠየቁት ነገር አንዱ የክትባት ወረቀት ነው። እዚያ ላይ ብዙዎቻችን የምንደናቀፈው ልጆቻችን ስላልተከተቡ ሳይሆን ካርዱን የሚያነብልን ስላጣን ነው።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ባለው ምሽት ቁጭ ብላችሁ ቀኖቹን ቀይሩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይደመራል። ዓመቱን በዚህ ታገኙታላችሁ፤ ቀኑን ግን በግምት አትጻፉ፣ የስልክ ቀን መቀየሪያ ተጠቀሙ። እዚህ የክትባት ደንብ የሚሠራው ቀን ተቆጥሮ ነው። ከተፈቀደው ዕድሜ ከአራት ቀን በላይ ቀድሞ የተሰጠ መርፌ እንዳልተሰጠ ይታያል። በካርዱ ላይ ግን እንዳትጽፉ! አንዲት ጎረቤቴ በእስክሪብቶ አስተካክላ ሄዳ «ካርዱ ተነካክቷል» ተባለች። በሌላ ንጹሕ ወረቀት ላይ የክትባቱን ስም፣ የእኛን ቀንና የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን ጻፉና ከካርዱ ጋር አያይዙት። የትውልድ ቀኑም ሲቀየር ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙን እዩ። ፓስፖርት ሲወጣ በስሕተት የተቀየረ የትውልድ ቀን ያላቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም።

ለቪዛ ምርመራ አዲስ አበባ የተወጋው መርፌ ካለ ደግሞ የእሱ ወረቀት ለብቻው ነው፤ ዲኤስ 3025 ይባላል። በእንግሊዝኛና በፈረንጅ ቀን ስለተሞላ ማንም አይከራከራችሁም። ኮፒው ከሌሎቹ የጉዞ ወረቀቶች መሀል ተሸጉጦ ይሆናልና ፈልጉት። ከሳዑዲ ወይም ከኤምሬትስ የመጣችሁም የዚያን አገር ካርድ አትጣሉ፤ በቀኑ የተሰጠ እስከሆነ ድረስ ይቆጠራል።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላም «ይጎድላል» መባላችሁ አይቀርም። ክርክሩ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው።

የዘጠኝ ወሩን ኩፍኝ እንውሰድ። አሜሪካ የምትቆጥረው ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላ የተሰጠውን ነው፤ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና በደሙ ካለ ክትባቱን ያዳክመዋል ተብሎ። አገር ቤት በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ደግሞ ኩፍኝ ሕፃናትን ቀድሞ ስለሚይዝ፣ ዓመት መጠበቅ ስለማያዋጣ ነው። ሁለቱም በየአገራቸው ልክ ናቸው። በፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ኩፍኝስ? እሱ ለኩፍኝ ይቆጠራል፤ ነገር ግን እዚህ የሚፈለገው ኤምኤምአር ኩፍኝን ከጆሮ ደግፍና ከሩቤላ ጋር የያዘ ነው። ስለዚህ ልጁ ኤምኤምአር መወጋቱ አይቀርም። የኩፍኙ መደገም አይጎዳውም። «ምን አስቸኮላቸው» ለምትሉ፣ በ2025 ቴክሳስ ውስጥ በተነሳው የኩፍኝ ወረርሽኝ ያልተከተቡ ሁለት ልጆች ሞተዋል። ኩፍኝ የድሃ አገር በሽታ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ ደም የሚያፈላው ግን ፖሊዮ ነው። «ፖሊዮ አንድ ብቻ ነው ያለው» አሉኝ። አንድ! ስንት ዘመቻ ቤት ድረስ መጥተው ጠብታ አጠጥተውታል፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ላይ የተቀባው ቀለም እስከ ቀጣዩ እሑድ አይለቅም ነበር። ለካስ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በመደበኛነት የሚሰጠው ጠብታ ከሦስቱ የፖሊዮ ቫይረስ ዓይነቶች ሁለቱን ብቻ የሚከላከል ሆኗል፤ ዓይነት 2 ወጥቶለታል። አሜሪካ ሦስቱንም የሚይዘውን ትፈልጋለች። ስለዚህ የሚቆጠርላችሁ በ14 ሳምንት ጭኑ ላይ የተወጋው መርፌ ነው፤ ካርዱ ላይ አይፒቪ የሚለው። ጠብታው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ ልጁን እዚያ ጠብቆታል፣ እዚህ ወረቀት ላይ አይገባም እንጂ።

ፔንታ ሦስቱም ይቆጠራሉ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት መሰጠታቸው ከአሜሪካው ዝቅተኛ ዕድሜና ልዩነት ጋር ይገጥማል። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ፔንታ ውስጥ ያለው የሄፓታይተስ ቢ የመጨረሻ ዶዝ ከ24 ሳምንት ዕድሜ በኋላ መሆን አለበት ይላሉ። የእኛው በ14 ሳምንት ስለሚያልቅ አንድ ይጨመራል። ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍና ዘጊ አናዳም ማጠናከሪያ አላቸው። ልጁ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ከመጣችሁ በአንድ ማጠናከሪያ ያልቃል፤ ከአራት በፊት ከተወጋ ግን አራት ሲሞላው ሌላ አለው። ፒሲቪና ሂብ (የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር መከላከያዎቹ) አንዳንድ ይጨመራሉ፤ አምስት ዓመት ላለፈው ጤነኛ ልጅ ግን አይጠየቁም።

አገር ቤት በመደበኛነት የማይሰጠው ቺክን ፖክስ ነው፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣው። ልጁ ጨርሶ ስለሌለው ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል፤ በሁለቱ መሀል ሦስት ወር ይጠበቃል። ቨርጂኒያና ዲሲ የሄፓታይተስ ኤ ክትባትንም ይጠይቃሉ።

የልጁ ክንድ ላይ ያለችውን ጠባሳ ነርሷ አይታ «ይህ ምንድን ነው?» ካለች፣ ቢሲጂ ናት በሏት፤ የቲቢ ክትባት። እዚህ አይሰጥም፣ አይጠየቅምም። ልዩነት የምታመጣው የቲቢ ምርመራ ላይ ነው። ክንድ ላይ ተወግቶ በሁለትና በሦስት ቀን የሚነበበው ምርመራ ቢሲጂ በወሰደ ልጅ ላይ በሽታው ሳይኖርበትም ሊያብጥ ይችላል። ልጁ ሁለት ዓመት ካለፈው የደም ምርመራው እንዲሆንለት ጠይቁ። ለቪዛ ተመርምሮ ከሆነም ያንን ውጤት አሳዩ።

ካርዱ የጠፋባችሁ አገር ቤት ወዳለው ዘመድ ደውሉ። ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ ሄዶ የክትባት መዝገቡን ገጽ በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካገኘ ደግሞ የተሻለ። «ተከትቧል፣ እኔ እናቱ እያየሁ» ማለት እዚህ አይሠራም፤ ቀን ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያምኑት። ምንም ካልተገኘ እንደገና ይከተብ። የተደገመ ክትባት ልጅ አይጎዳም፣ ያልተከተበ ግን ይጎዳል።

ገንዘብ አያሳስባችሁ። ከ1994 ጀምሮ የሚሠራ ቪኤፍሲ የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ፤ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያለው ወይም ኢንሹራንስ የሌለው ከ19 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የክትባቱን ዋጋ አይከፍልም። የኢሚግሬሽን ሁኔታ መስፈርት አይደለም። ለመውጊያው ትንሽ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል፤ ኢንሹራንስ የሌለው መክፈል ስላልቻለ ግን አይመለስም። ስትደውሉ «ቪኤፍሲ ትቀበላላችሁ?» በሉ፣ ይገባቸዋል። አስተርጓሚም በነፃ ነው፤ ሲደወል ጀምሮ «አማሪክ» በሉ። የሰባት ዓመቷን እኅቱን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ እሷ መርፌ የሚለውን ቃል ስትሰማ ለወንድሟ ትነግረዋለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ትምህርት ቤቱ «ሳይሟላ አይገባም» ካለ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በ20 ቀን ውስጥ የሐኪም ቀጠሮ እንዳላችሁ የሚያሳይ ወረቀት ካቀረባችሁ ልጁ በጊዜያዊነት ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጠሮውን ያዙ። የተወጋው ሁሉ ኢሙኔት በሚባለው የግዛቱ መዝገብ ውስጥ መግባቱን፣ የአገር ቤቶቹም ዶዞች አብረው መሞላታቸውን ጠይቁ። እነሱ ካልተሞሉ ክሊኒክ በቀየራችሁ ቁጥር ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

የእኔ ልጅ ነገር በዚህ ተፈታ። የቀየርኩትን ወረቀት ይዤ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ በረጅሙ እየተነፈሰች፣ ግን አንድ በአንድ አስገባችው። ሦስት ዙር ሊሆን የነበረው ወደ አንድ ወረደ፤ አራት ዓመቱን በደፈነ በሳምንቱ በአንድ ቀን አራት መርፌ ተወግቶ ጨረሰ። አራት በአንዴ ስትሰሙ አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው። ማታ ትንሽ አተኮሰው። አያቱ በቪዲዮ «ምች ነው፣ ዳማከሴ የለም እንዴ?» አሉ። የዕድሜውንና የክብደቱን ያህል ታይሌኖል ሰጠሁት፤ ጠዋት ፍራሽ ላይ ሲዘል አገኘሁት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ደግሞ ጉንፋን ይዞታል ብላችሁ ቀጠሮ አታፍርሱ፤ ቀላል ጉንፋን ክትባት አይከለክልም። እኛ ልጅ ሐኪም ዘንድ የምንወስደው ሲታመም ነው፤ እዚህ ጤነኛውንም ይወስዱታል፣ ክትባቱም የሚሰጠው ያኔ ነው።

እዚህ የተወለደ ታናሽ ካላችሁና ለጥምቀት ወይም ለክረምት አገር ቤት ልትወስዱት ካሰባችሁ፣ ቲኬቱን ስትቆርጡ ለሐኪሙ ንገሩት። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከጉዞው በፊት አንድ ኤምኤምአር ይወጋል። ከዓመቱ በፊት ስለሆነ ያ መርፌም አይቆጠርም፤ ዓመት ሲሞላው እንደገና ሁለቱን ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ግን ከነርሷ ጋር የሚከራከር አይኖርም።